አራተኛው

ከኦሩሮ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሐምሌ ንጋት ላይ፣
የቦሊቪያ ደጋ ውርጭ ሲያወርድ ከሰማይ፣
ሬሚሂዮ መጣ፤ ጨው የጫነ ቮልቮ፣
እንደ ከሳ በሬ ጎኑ ተርገብግቦ፤
ጭሱ ነጭ፣ እንባ የሚያመጣ፣
ያልነደደ ናፍጣ።

«ፓምፑ ነው» አለ፣ ገና እግሩ መሬት ሳይነካ።
«ላ ፓስ ሁለት ጋራዥ አዩት፤ ሁለቱም ፈረዱ በፓምፑ ላይ።
ዋጋውን ስሰማው የቤቴን ጣራ
ነቅሎ ይሄዳል፣ ከነግድግዳው ጋራ።»

አክስቴ ካሲልዳ መልስ አልሰጠችውም።
ሞተር እያወራ ሰው አታዳምጥም።
ግራ ጆሮዋን የማዕድን ድማሚት በልጅነት ወስዷል፣
ቀኙም በጋራዥ ጩኸት ግማሽ ተሸርፏል፤
ስለዚህ የምትሰማው በጥርሷ ነው።
ረጅም ካቻቢቴ እጀታውን ነክሳ፣
ጫፉን ከብረቱ ጎን ላይ አንተርሳ፣
ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች፤
መንጋጋዋ የሰማውን በጣቷ ትቆጥራለች።

እኔ መብራት ያዥ ነኝ፣ የወንድሟ ልጅ፤
ገና ቁልፍ አቀባይ፣ ያልተፈተነ እጅ።

«አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ።» ሰጠኋት።
በሚኒሞ እንደቆመ፣
የአንደኛውን ቱቦ ነት ሩብ ዙር ፈታችው፤
ሞተሩ ተንገዳገደ፤ መልሳ አጠበቀችው።
ሁለተኛው፤ ተደናቀፈ። ሦስተኛው፤ ሊጠፋ ሊጠፋ።
«ከነዚህ ወዲያ ነው» አለች፤ «የነዚህ ምት አልጠፋ።»

አራተኛውን ፈታች።
ምንም።
ያው ማንከስ፣ ያው ሳል።
ናፍጣው ቢደርሰው ባይደርሰው አንድ ሆኖበታል፤
አምስቱ ሲጎትቱ እሱ በቁሙ ተኝቷል።

«ፓምፑን ተወው» አለች፤ «ንጹሕ ሰው አትክሰስ፤
ይኸኛው ነው እዚህ፣ ያቃተው መተንፈስ።»
ሬሚሂዮ ቆቡን አወለቀ፣ ደግሞ አጠለቀ፤
ሊስቅ ሲል ከንፈሩ፣ በጨው የደረቀው፣ ተሰነጠቀ።

ሞተሩን አጠፋን። እሱ ዝም ሲል
ነፋሱ ተሰማ፣ የጣራውን ቆርቆሮ ሲፈለፍል።
ኖዝሉ እምቢ አለ፤ ዘይት አፈሰስንበት፣
በመዶሻ ጎኑን ቀስ እያለች መታችበት፣
ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ደግሞ ግራ፣
ወጣ፤ ከነጥላሸቱ ጋራ።

«መብራት።»
አቀረብኩ።
አፉ ላይ አንዲት የመዳብ ሮንዴላ አለች። ደግ።
ጉድጓዱ ወለል ላይ ግን ሌላም ተገኘች፤
አርጅታ፣ ጠቁራ፣ ከብረቱ ተዋህዳ ነበረች።
ሁለት ሮንዴላ፣ አንዷ ባንዷ ላይ።
ኖዝሉ በሚሊሜትር ከፍ ብሎ፣
ሲተፋ ኖሯል ከእሳቱ ተነጥሎ።

ሬሚሂዮ ተናደደ፤
«አሮጌውን ሳያወጣ አዲሱን የደረበ፣
ምን ዓይነት መካኒክ ነው፣ ምኑንስ ያሰበ?»

አክስቴ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ብዙ ጠረገች።
ከመደርደሪያው ሰማያዊ ደብተሯን አወረደች፤
ሥራዋ ሁሉ በየቀኑ የሰፈረበት፣
ዘይት የጠጣ ገጽ ገለጠች፤ ጣቷ ቆመበት።
«የአኒሴቶ ቮልቮ፤ አንተ ሳትገዛው በፊት።
ኖዝል አራት። አዲስ ሮንዴላ።»
ቀኑን በትከሻዋ ላይ አሾልቄ አየሁት።
የአባቴ ቀብር ማግስት።

ያን ቀን ጋራዡን ክፈቺ ያላት አልነበረም።
ከፈተች። ቤት ተቀምጦ መዋል አልሆነላትም።

«የኔ እጅ ነው» አለችው። ሌላ አልጨመረች።
ወደኔ ዞራ ግን፣ አሮጌዋን ሮንዴላ ፈልቅቃ እንደጨረሰች፣
«አዲስ ከማስገባትህ በፊት
አሮጌው መውጣቱን በጣትህ እወቅ።
ዓይን ይዋሻል። በጣትህ።»
ጣቴን ሰደድኩ። ጉድጓዱ ገና ይፋጃል።

ቀትር ላይ ተነሣ። ነጩ ጭስ ሳስቶ ጠፋ።
ካቻቢቴዋን ነክሳ እስከ ስድስት ቆጠረች፤
ከስድስት በኋላም ጥቂት አደመጠች።
ሬሚሂዮ ቦርሳውን ሲያወጣ እጁን መለሰችው፤
እሱም አልተከራከረም፣
አንድ ጆንያ ጨው ደጃፍ ላይ ጥሎ ነጎደ እንጂ።

እስክሪብቶው በብርድ እምቢ ቢላት፣ ትንፋሿን ሰጠችው፤
ከድሮው መስመር ሥር፣ በጠባቡ ቦታ፣ አጣባ ጻፈችው፦
«አሮጌው ወጣ።»
ቀኑን ዘለለችው።
እኔ ሞላሁት።